የጠፋው መስመር፦ በእርግዝና ጊዜ ዕፅ የሚፈለግባቸው ምርመራዎች ምን ያያሉ፣ ምን ያልፋቸዋል?

የእርግዝና መመርመሪያ ስትሪፕ የማያውቅ የለም። ሁለት መስመር ከወጣ እርግዝና አለ፣ አንድ ብቻ ከሆነ የለም። የዕፅ መመርመሪያው ስትሪፕ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መስመሩ ከታየ የተፈለገው ዕፅ አልተገኘም ማለት ነው፤ ፖዘቲቭ የሚባለው መስመሩ ሲጠፋ ነው። ዓይን አጥብበው ካላዩት የማይለይ፣ በጣም የደበዘዘ መስመር እንኳ የሚነበበው «አልተገኘም» ተብሎ ነው። ሁለቱንም ስትሪፕ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲያነብ የሚውል ባለሙያ በቀን ስንት ጊዜ ሐሳቡን መገልበጥ እንዳለበት አስቡት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስትሪፑ ጫፍ ላይ ቀለም የያዘ አንቲቦዲ፣ ማለትም ዕፁን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ ተቀምጧል፤ ሽንቱ ሲያርሰው ተነስቶ አብሮ ወደ ላይ ይሳባል። መሃል ላይ ደግሞ ያው ዕፅ በቀጭኑ ተለጥፎ ይጠብቀዋል። ሽንቱ ውስጥ ዕፅ ከሌለ አንቲቦዲው ባዶ እጁን ስለሚደርስ እዚያ ይያዝና ቀለሙ መስመር ሆኖ ይታያል። ዕፁ ካለ ግን አንቲቦዲው ገና ከመነሻው ተይዟል፤ ወንበሩ የሞላ ሚኒባስ ፌርማታ ላይ ሳይቆም እንደሚያልፍ መስመሩን አልፎት ይሄዳል።

ይህን ያነሳሁት የምርመራው ጥንካሬም ድካምም ያለው እዚሁ ላይ ስለሆነ ነው። አንቲቦዲው የሚያውቀው የሞለኪውሉን ቅርጽ ነው። ቅርጹ የሚመሳሰል ሌላ ነገር ከመጣ ያንንም ይይዘዋል። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ተመሳሳዮቹ ብዙ ናቸው። ደም ግፊት ላለባት ነፍሰ ጡር በብዛት የሚታዘዘው ላቤታሎል በአንዳንድ ኪቶች ላይ አምፌታሚን የተባለውን አነቃቂ ዕፅ መስሎ ይወጣል። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ፕሮሜታዚንም እንዲሁ፣ ለጉንፋን የሚወሰደው ሱዶኤፌድሪንም እንዲሁ። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ የምትውጠው ሪፋምፒሲን በተወሰኑ ኪቶች ላይ የሞርፊን ቤተሰብ መስሏል። ኢፋቫይረንዝ የተባለው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት፣ በዶሉቴግራቪር እስኪተካ ድረስ በአገራችንም ለነፍሰ ጡሮች ሲሰጥ የኖረው፣ ካናቢስ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። አራስ ሕፃን የታጠበበት ሳሙና እንኳ ከሽንቱ ጋር ሲቀላቀል የካናቢስ ምርመራን አሳስቶ ያውቃል።

ከዚህ የሚለየው የፖፒ ፍሬ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ምርመራው አልተሳሳተም። ዳቦና ኬክ ላይ የሚነሰነሰው ጥቁር ፍሬ ኦፒየም ከሚገኝበት ተክል ስለሚመጣ ጥቂት ሞርፊን በእርግጥም አለበት። ጥያቄው «ስንት ሲደርስ ነው ፖዘቲቭ የምንለው?» የሚለው ነው። የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት ለሠራተኞች ምርመራ ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት 300 ናኖግራም ነበር፤ ዳቦ የበላ ሁሉ እየተያዘ ሲያስቸግር እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ 2,000 ከፍ አደረጉት። ሆስፒታሎች ግን ይህን ወሰን የመከተል ግዴታ አልነበረባቸውም፣ ብዙዎቹም በዝቅተኛው ቀጠሉ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ በ2010 አንዲት እናት ፖፒ የተነሰነሰበት ዳቦ በልታ ልትወልድ ገባች፣ ሽንቷ ፖዘቲቭ ወጣ፣ የሦስት ቀን ልጇን መንግሥት ወሰደባት። ከአምስት ቀን በኋላ ተመለሰላት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በካሳ ነው ያለቀው። ለሥራ ለሚመረመር ሠራተኛ የተሰጠው ጥንቃቄ ለአራስ እናት አለመሰጠቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ስለዚህ ስትሪፑ፣ ወይም በትልቁ ማሽን የሚሠራው የዚያው ዘዴ ወንድም፣ ማጣሪያ ብቻ ነው። የማረጋገጫው ምርመራ ማስ ስፔክትሮሜትሪ ይባላል። ናሙናው ውስጥ ያሉትን ነገሮች አንድ በአንድ ይለያያል፣ ከዚያ እያንዳንዱን ሰባብሮ የስብርባሪውን ክብደት ይለካል። ላቤታሎልና አምፌታሚን አንቲቦዲን ቢያሳስቱም ሲሰባበሩ አንድ ዓይነት አይሆኑም። ይህኛው ምርመራ ግን ውድ ነው፣ ሁሉም ቦታ የለም፣ ውጤቱም ቀናት ሊወስድ ይችላል። ችግር የሚፈጠረው በእነዚያ ቀናት ውስጥ ነው፤ የማጣሪያው ውጤት ካርዱ ላይ ከተጻፈ በኋላ «ገና አልተረጋገጠም» የሚለውን የሚያነብ ሰው ይጠፋል።

ቁጥሩን ወርዶ ማየት ይረዳል። ለምሳሌ 1,000 ነፍሰ ጡሮች አሉ እንበል፣ ከእነሱ 20ዎቹ አንድን ዕፅ ወስደዋል። ማጣሪያው ከመቶ 95 ጊዜ ትክክል ነው እንበል፣ በወሰዱትም ባልወሰዱትም ላይ። ከ20ዎቹ 19ኙን ይይዛል። ካልወሰዱት 980 ሴቶች ደግሞ ከመቶ አምስቱን፣ ማለትም 49ኙን፣ በስህተት ፖዘቲቭ ይላል። በጠቅላላው 68 ፖዘቲቭ ተገኘ፤ ከእነሱ በእርግጥ የወሰዱት 19 ብቻ ናቸው። «95 በመቶ ትክክል» የተባለ ምርመራ ፖዘቲቭ ካላቸው ከአሥሩ ሰባት ያህሉን ያለ ጥፋታቸው ከሰሰ ማለት ነው። ማሽኑ አልተበላሸም፤ የተፈለገው ነገር በሰዎቹ መካከል ብርቅ ሲሆን ሒሳቡ ሁልጊዜም እንዲህ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ የሚያመልጡት አሉ። የተለመደው የሞርፊን ቤተሰብ ማጣሪያ ሞርፊንና ኮዴይንን ለማወቅ የተሠራ ነው። እንደ ሞርፊን የሚሠሩት ፌንታኒል፣ ሜታዶን፣ ቡፕረኖርፊን ሰው ሠራሽ ወይም ቅርጻቸው የተለወጠ ስለሆነ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ኪት ካልተጨመረ አያያቸውም። አሜሪካን ያስጨነቀው ፌንታኒል ከሆነ ሰንብቷል፣ አሮጌው ኪት ግን ሄሮይንን ሲፈልግ ኖሯል። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ የአልኮል ነገር ነው። ፅንስ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት አልኮልን ያህል ማስረጃው የጠራ ነገር ጥቂት ነው፤ የአእምሮ ዕድገትን፣ የፊትን ቅርጽ፣ ዕድሜ ልክ የሚቆይ የትምህርትና የጠባይ ችግርን ይነካል። በተለመደው የዕፅ ስትሪፕ ላይ ግን የለበትም፣ ጠጁም ጠላውም ቢራውም ከደም ውስጥ በሰዓታት ይወጣል። ተከታትሎ ለመያዝ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል፤ በሽንት እስከ ሦስት ቀን ገደማ የሚቆይ የአልኮል ቅሪት አለ፣ በደም ደግሞ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት የሚዘልቅ ፒኢዝ የሚባል ምልክት አለ። እነዚህን በየቀኑ የሚሠራ የእርግዝና ክሊኒክ እምብዛም የለም።

እኛን በቀጥታ ወደሚመለከተው ወደ ጫት ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። የጫቱ ዋና ንጥረ ነገር ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ሰውነት ቶሎ ወደ ሌላ ይለውጠዋል፣ ሽንት ውስጥ በብዛት የሚገኙትም ተለዋጮቹ ናቸው። የአምፌታሚን ማጣሪያ እነዚህን ማየት አለማየቱ እንደ ኪቱ ይለያያል፤ አንዱ ያነሳዋል፣ ሌላው ያልፈዋል። በማስ ስፔክትሮሜትሪ ግን ላቦራቶሪው ፈልግ ከተባለ ያገኘዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ የኬሚስትሪ ወሬ ነው። አሜሪካ ውስጥ ካቲኖን በሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ ተቀምጧል፣ እንግሊዝ ደግሞ ጫትን በ2014 አግዳለች። አገር ቤት ሕጋዊ የነበረ ልማድ ባሕር ተሻግሮ ሌላ ስም እንደሚያወጣ የማታውቅ ሴት አለች። ከሕጉ ውጪም ቢሆን ከየመንና ከኢትዮጵያ የወጡ ጥናቶች በእርግዝና ጊዜ መቃምን ከሕፃኑ ዝቅተኛ የልደት ክብደት ጋር አያይዘውታል።

አሁን ናሙናው ከየት እንደሚወሰድ እንይ፤ እያንዳንዱ የናሙና ዓይነት የሚያስታውሰው የጊዜ ርዝመት ይለያያል። ሽንት የቅርቡን ነው የሚያስታውሰው። ኮኬይን ሁለት ሦስት ቀን፣ አምፌታሚንም እንደዚያው። ሄሮይን የተለየ አሻራው ከአንድ ቀን አይዘልም፤ ከዚያ በኋላ የሚገኘው ሞርፊን ብቻ ስለሆነ ከሄሮይን ይምጣ፣ ከሐኪም መድኃኒት ወይም ከፖፒ ዳቦው መለየት ይከብዳል። ካናቢስ ግን ስብ ውስጥ ስለሚደበቅ በየቀኑ ስታጨስ የነበረች ሴት ካቆመች ከወር በኋላም ሊታይባት ይችላል። እርግዝና ራሱም መለኪያውን ያዛባል። ኩላሊት ከወትሮው በግማሽ ያህል ጨምሮ ይሠራል፤ ሲጋራ መጨሱን የሚያሳየው ኮቲኒን በነፍሰ ጡር ሰውነት ውስጥ ካልረገዘች ሴት በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወጣል። እንግሊዝ ለሲጋራ የመረጠችው ቀለል ያለውን መንገድ ነው፤ አዋላጇ ትንሽ መሣሪያ ትሰጣለች፣ እናትየዋ ትተነፍስበታለች፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከታየ ማጨስ ለማቆም ወደሚያግዙ ሰዎች ትላካለች።

ረጅሙን ታሪክ የሚይዘው የሕፃኑ የመጀመሪያ ሰገራ ነው። ዳይፐር ላይ እንደ ሬንጅ ጥቁርና ሙጫ ሆኖ የሚጣበቀው፣ ሐኪሞቹ ሜኮኒየም የሚሉት። መጠራቀም የሚጀምረው ሕፃኑ ገና የሦስት ወር ፅንስ ሳለ ነው፤ ፅንሱ የሚውጠው ውሃና የአንጀቱ ርግፋፊ እየተደራረበ እስከ ልደት ይቆያል። ስለዚህ በተለይ የመጨረሻዎቹን አራት አምስት ወራት ይናገራል። ነርሷ ከዳይፐሩ ላይ በእንጨት እየጫረች በትንሽ ዕቃ ታጠራቅማለች። አንድ ጊዜ በቂ ካልወጣ ቀጣዩ ዳይፐር ይጠበቃል፣ ቢጫው የወተት ሰገራ ከመጣ ደግሞ ጊዜው አልፏል። ሕፃኑ በምጥ ተጨንቆ ማህፀን ውስጥ ካወጣውም ናሙናው ጠፋ። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሆስፒታሎች ወደ እትብት ዞረዋል። አንድ ስንዝር የማይሞላ ቁራጭ ይበቃል፣ እትብት የሌለው ልጅ ደግሞ የለም።

የሜኮኒየምን ምርመራ ያስፋፉት ዲትሮይት ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ኤንሪኬ ኦስትሬያ ናቸው። በ1992 ባወጡት ጥናት 3,010 አራስ ሕፃናትን መረመሩ። ከእናቶቹ ዕፅ መውሰዳቸውን የተናገሩት 11 በመቶ ነበሩ፤ የሕፃናቱ ሰገራ ግን 44 በመቶ ላይ ኮኬይን፣ ሞርፊን ወይም ካናቢስ አሳየ። ሆስፒታሉ በዘመኑ ዕፅ ያጥለቀለቀው ሰፈር ውስጥ ስለነበር ቁጥሩን ለሌላ ቦታ መውሰድ አይቻልም። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት ግን ሁለት ወገን ፈጠረ። አንዱ «እናቶች ስለሚዋሹ ምርመራ ይብዛ» አለ። ሌላው «ለምን ፈሩ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ከሁለተኛው ነኝ።

የጸጉር ምርመራ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ጸጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ሥሩ በደም ሲመገብ ዕፁም አብሮ ይገባል። ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ጸጉር በወግ የእርግዝናውን ዘጠኝ ወር ይዟል ይባላል። ወረቀት ላይ ያማረ ነው። ነገር ግን ኮኬይንና አምፌታሚን ጸጉርን ከሚያጠቁረው ሜላኒን ጋር ይጣበቃሉ፤ አንድ ዓይነት መጠን የወሰዱ ሁለት ሰዎች አንዷ ጠቆር ያለ ጸጉር ካላት ከፍ ያለ ቁጥር ይወጣባታል። ሌላ ሰው ያጨሰው ጭስም ከውጭ ይቀመጥበታል፣ አልኮል ያለበት የጸጉር መዋቢያም የአልኮል ምርመራውን ያዛባል።

ይህን ሁሉ ችላ ማለት ምን እንደሚያስከትል ቶሮንቶ አይታለች። በከተማዋ ትልቁ የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ማዘሪስክ የሚባል ላቦራቶሪ ነበር፤ ስሙም ክብሩም ከእርግዝና ምክር አገልግሎቱ የመጣ። የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ከእናቶች ጸጉር እየቆረጡ ይልኩለት ነበር። ከ2005 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ16,000 የሚበልጡ ሰዎች ተመርምረዋል። ጡረታ የወጡት ዳኛ ሱዛን ላንግ በኦንታሪዮ መንግሥት ታዘው ያጣሩትን በ2015 መጨረሻ ይፋ ሲያደርጉ፣ ላቦራቶሪው እስከ 2010 ድረስ የማጣሪያውን ውጤት በማስ ስፔክትሮሜትሪ ሳያረጋግጥ እንደ መጨረሻ ቃል ሲሰጥ እንደኖረ ታወቀ። ጸጉሩን ከመመርመራቸው በፊት እንኳ አዘውትረው አያጥቡትም ነበር። ዳኛዋ ምርመራውን በቂም አስተማማኝም አይደለም ብለው ደመደሙ። ቀጥሎ በዳኛ ጁዲዝ ቢማን የተመራው ኮሚሽን ከ1,200 በላይ መዝገቦችን ፈትሾ በ2018 ሲዘግብ፣ በ56 ቤተሰቦች ጉዳይ ላይ ውጤቱ ከባድ ሚና እንደነበረው አገኘ። ከእነሱ ውስጥ ልጆቻቸው የተመለሱላቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀሩት በማደጎ ሌላ ቤት አድገዋል፣ ሌላ ሰው እማዬ ብለዋል። ማንም ፍርድ ቤት ውስጥ ሆኖ «ይህ ማጣሪያ ነው ወይስ ማረጋገጫ?» ብሎ አለመጠየቁን ነው ደጋግሜ የማስበው። እናቶቹ አልወሰድንም ሲሉ «መካድ የሱሰኛ ጠባይ ነው» ተብሎ እሱም ተጨማሪ ማስረጃ ሆነባቸው።

ማን ይመረመራል የሚለውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በፍሎሪዳዋ ፒኔላስ አውራጃ የተሠራና በ1990 የታተመ ጥናት የ715 ነፍሰ ጡሮችን ሽንት ስማቸውን ሳይዝ መረመረ። ከነጮቹ 15.4 በመቶ፣ ከጥቁሮቹ 14.1 በመቶ ፖዘቲቭ ሆኑ፤ እኩል ናቸው ቢባል ይቻላል። ለባለሥልጣን ሪፖርት የተደረጉት ግን ጥቁሮቹ አሥር እጥፍ ያህል ነበሩ። በዚያው ዘመን በደቡብ ካሮላይናዋ ቻርልስተን አንድ የመንግሥት የሕክምና ማዕከል ከፖሊስ ጋር ተስማምቶ ከ1989 ጀምሮ የነፍሰ ጡሮችን ሽንት ለኮኬይን ይመረምር፣ ውጤቱንም ለፖሊስ ያቀብል ነበር። 30 ሴቶች ታሰሩ፣ አንዳንዶቹ ከወለዱ ብዙም ሳይቆዩ። ከአንዷ በስተቀር ሁሉም ጥቁሮች ነበሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2001 ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ሴትየዋ ሳትፈቅድ ለፖሊስ ማስረጃ እንዲሆን ሽንቷን መመርመር ሕገ መንግሥቱ የከለከለው ፍተሻ ነው አለ። ይህ ግን የሕፃናት ጥበቃን በር አልዘጋም፤ ለዚያ መሥሪያ ቤት ማሳወቅን የሚያስገድዱ ክፍለ ግዛቶች ዛሬም አሉ።

የሐኪሞቹ ማኅበራት ራሳቸው ከምርመራ ይልቅ ጥያቄን ነው የሚያስቀድሙት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ባወጣው መመሪያ ሁሉም ነፍሰ ጡሮች በእያንዳንዱ ክትትል ስለ አልኮልና ስለ ዕፅ ይጠየቁ ይላል። የአሜሪካ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅም ሁሉንም በተፈተነ መጠይቅ ጠይቁ፣ የሽንት ምርመራ ከፈለጋችሁ እናትየዋን አስፈቅዱ ይላል። ምክንያቱም ፖዘቲቭ ውጤት ንጥረ ነገሩ በሰውነቷ ማለፉን እንጂ ስንት ጊዜ እንደወሰደች፣ ሱስ ይኑራት አይኑራት፣ ልጁ ይጎዳ አይጎዳ፣ ልጇን ማሳደግ ትችል እንደሆነ አይናገርም። እንዲያውም የሄሮይን ሱሷን በሜታዶን እየታከመች ያለች ነፍሰ ጡር የሜታዶን ምርመራዋ ፖዘቲቭ መሆን አለበት። ኔጌቲቭ ከሆነ ነው የሚያስደነግጠው፤ በድንገት ማቋረጥ ለእሷም ለፅንሱም አደገኛ ነው።

አገር ቤት ጤና ጣቢያ ለእርግዝና ክትትል የምትሄድ ሴት ሽንት የምትሰጥበት ኩባያ ለዚህ አይደለም። የሚታየው ፕሮቲን ነው፣ ስኳር፣ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን። ላቦራቶሪ መስኮት ላይ ስሠራ አንዲት እናት ኩባያውን ከሻርፕዋ ሥር አውጥታ ዝቅ ባለ ድምፅ «ወንድሜ፣ ቅጠሉን ያሳያል እንዴ?» ብላ ጠይቃኝ ታውቃለች። አያሳይም አልኳት፤ ግፊትሽና ኩላሊትሽ ደህና መሆኑን ነው የምናየው። «ባለቤቴ ሲቅም ነው አብሬው የምቅመው፣ ዘንድሮ ቀንሻለሁ» አለች፣ ሳልጠይቃት። ለአዋላጇም ይህንኑ እንድትነግራት አልኳት፤ ሄዳ ነገረቻት፣ ካርዷም ላይ ተጻፈ።

ውጭ አገር የምትወልድ ሰው ካለቻችሁ ግን ከምጥ በፊት ሦስት ነገር ትያዝ። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የጉንፋኑን ሳይቀር፣ ከነስሙ ጽፋ ትስጥ። ሽንት ሲጠየቅ ለምን እንደሆነ ትጠይቅ፤ ፖዘቲቭ ከተባለች በማስ ስፔክትሮሜትሪ ይረጋገጥ ትበል፣ ከናሙናው የተረፈው እንዳይደፋም ታሳስብ። ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። ለምጥ ሕመም በወገብ ላይ የሚሰጠው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ፌንታኒል አለበት፣ ግፊቷ ከወረደ የሚሰጣት ኤፌድሪንም አምፌታሚን ሊመስል ይችላል፤ ሁለቱም ወደ ሕፃኑ ይሻገራሉ። ሽንቱ የተወሰደው ከመርፌው በፊት ይሁን በኋላ የሚያሳየው ካርዷ ላይ ያለው ሰዓት ስለሆነ፣ ሁለቱም ሰዓቶች መጻፋቸውን አጠገቧ ያለው ሰው ይይላት።